አዲስ የመጣ ቤተሰብ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ግሪን ካርድ እና «ገቢህን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» የሚለው ምክር

ጥያቄው፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እህቴ ባስገባችልኝ ማመልከቻ በጁን 2023 ግሪን ካርድ ይዤ መጣሁ፤ ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ደግሞ ባለፈው ማርች 14 ከአዲስ አበባ መጡልኝ። ባለቤቴ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ማናችንም ኢንሹራንስ የለንም። ‹የኦባማኬር ምዝገባ ክረምቱ ላይ ተዘግቷል› አሉኝ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ‹ገቢህን ዝቅ አድርገን እንጻፈውና ሁላችሁም በነጻ ትገባላችሁ› ይለኛል። እህቴ ደግሞ ‹የመንግሥት እርዳታ ከወሰዳችሁ ስፖንሰር ስለሆንኩ እኔ እጠየቃለሁ፣ አንተም ዜግነት ትከለከላለህ› ብላ ሰግታለች። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ እንኳን ቤተሰብዎ በሰላም ገባልዎት። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ወገኖቻችንን የጤና ኢንሹራንስ በማስመዝገብ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የእርስዎን የሚመስል ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት ጥቂት ነው። የነገሩዎት ሦስቱም ነገር ልክ አይደለም። ከሦስቱ የሚያሳስበኝ ግን የታክስ ሠሪው ምክር ነው። እርስዎን ለይቶ ያለ ኢንሹራንስ ሊያስቀርዎት ይችላልና ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ቀኑን እናስቀድም፣ እየሄደ ነውና። ማርኬትፕሌሱ፣ ማለትም የኦባማኬር ኢንሹራንስ የሚገዛበት ገበያ፣ ለሁሉም ሰው የሚከፈተው በየዓመቱ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ነው፤ ያ አልፏል። ነገር ግን ከውጭ አገር ገብቶ እዚህ መኖር የጀመረ ሰው ከገባበት ቀን የሚቆጠር የራሱ 60 ቀን አለው። ባለቤትዎና ልጆችዎ ማርች 14 ከገቡ 60 ቀኑ የሚሞላው ሜይ 13 ነው። ደንቡ የእነሱን መምጣት ለእርስዎም ምክንያት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ማመልከቻውን እንደ አንድ ቤተሰብ አብራችሁ አስገቡ እንጂ «እኔ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አይመለከተኝም» ብለው ራስዎን እንዳያስቀሩ። እስከ ኤፕሪል 30 ፕላን ከመረጡ ኢንሹራንሱ ሜይ 1 ይጀምራል። ሜይ 2 ወይም 10 ላይ ከመረጡ ግን የሚጀምረው ጁን 1 ነው። በጥቂት ቀን መዘግየት አንድ ወር ሙሉ ያለ ኢንሹራንስ ይነዳሉ ማለት ነው። ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ደግሞ የምዝገባ ወቅት የሚባል ነገር የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ቨርጂኒያ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የራሷን ማርኬትፕሌስ ታስተዳድራለች። በፌዴራሉ ድረ ገጽ ቢገቡም ወደ እሱ ይመራዎታል። ስልክ ሲደውሉ «አማርኛ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በነጻ ያገናኙዎታል፣ መብትዎ ነው። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ። የገቢና የወረቀት ጉዳይ ስለሆነ አንዲት ቃል ስትሳሳት ወራት ታስከፍላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ቤተሰቤ ይገባል ወይስ አይገባም?» ብለው ሲጠይቁ አንድ መልስ ይጠብቃሉ። ሕጉ ግን አራታችሁን በአንድ በር አያስገባም። በአንድ ጠረጴዛ የምትበሉ አራት ሰዎች ወደ ተለያየ ቦታ ልትመደቡ ትችላላችሁ፤ ይህ ስህተት መስሏቸው ማመልከቻውን የሚሰርዙ ሰዎች አይቻለሁ።

ልጆቹ ቀላል ናቸው። ቨርጂኒያ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችን ግሪን ካርድ ካገኙ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው አታስጠብቅም። ገቢው ዝቅ ያለ ከሆነ በልጆች ሜዲኬይድ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለ ፋሚስ በሚባለው ፕሮግራም ይገባሉ። የፋሚስ ጣሪያ ለአራት ሰው ቤተሰብ መንግሥት በየዓመቱ በሚያወጣው የድህነት መስመር ሠንጠረዥ፣ በ2025ቱ ሲሰላ፣ ወደ 65,900 ዶላር ይደርሳል። የእርስዎ ገቢ ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ባለቤትዎም እንደዚሁ። ነፍሰ ጡር ስለሆነች የአምስት ዓመቱ ጥበቃ አይመለከታትም፤ ባለፈው ወር የገባች መሆኗ አያግዳትም። እንዲያውም ለእሷ ሲሰላ የተፀነሰው ልጅ ስለሚቆጠር ቤተሰቡ እንደ አምስት ሰው ይታያል። ከወለደች በኋላም ሽፋኑ እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ሕፃኑም ሲወለድ እስከ አንድ ዓመቱ ሜዲኬይድ ይኖረዋል። የአራት ወር እርግዝና ላይ ሆና ሐኪም ሳታይ አንድ ቀን እንኳ መጨመር የለባትምና ከዚህ መልስ ውስጥ አንዱን ብቻ ነገ የሚፈጽሙ ከሆነ የእሷን የሜዲኬይድ ማመልከቻ ያስገቡ። ቅጹ ላይ ነፍሰ ጡር መሆኗን የሚጠይቀውን ቦታ አይዝለሉት። በእኛ ባህል እርግዝና ገና ሳይገፋ ለሰው አይነገርም፤ ስንት ጊዜ ይህቺ ሳጥን ባዶ ሆና አግኝቻታለሁ። ሳጥኗ ባዶ ከሆነች ኮምፒዩተሩ ባለቤትዎን እንደ ማንኛውም አዲስ መጤ አዋቂ ቆጥሮ ይመልሳታል።

የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ ከሁሉም አስቸጋሪው የእርስዎ ጉዳይ ነው።

ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 138 በመቶ ያልበለጠ አዋቂዎችን ሜዲኬይድ ታስገባለች። በ2025ቱ ሠንጠረዥ ለአራት ሰው ይህ 44,367 ዶላር ነበር። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ግን በአብዛኛው ካርዱን ካገኘበት ቀን አምስት ዓመት መሙላት አለበት። እርስዎ በጁን 2023 ስለገቡ እስከ ጁን 2028 ይጠብቃሉ። እስከዚያ ያለዎት መንገድ ማርኬትፕሌሱ፣ ማለትም የታክስ ክሬዲቱ ወርሃዊ ክፍያውን የሚያቃልልበት የግል ኢንሹራንስ ነው።

እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ እንደ እርስዎ አምስት ዓመት የሚጠብቅ ሰው ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች ቢሆን እንኳ የታክስ ክሬዲቱን ያገኝ ነበር። ሜዲኬይድ በወረቀቱ ምክንያት ስለከለከለው ሕጉ ያዝንለት ነበር ማለት ይቻላል። በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ይህንን ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ አስቀርቶታል። አሁን ከመስመሩ 100 በመቶ በታች የወረደ አዲስ የግሪን ካርድ ባለቤት ሜዲኬይድም የለውም፣ የታክስ ክሬዲትም የለውም። ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ መግዛት ነው የሚቀረው፤ በዚያ ገቢ ማን ይችለዋል?

ታክስ ሠሪዎ ያለዎት ነገር ለአሜሪካ ዜጋ ደንበኛው ሠርቶለት ይሆናል። ዜጋው ገቢው ሲወርድ ሜዲኬይድ ላይ ይወድቃል። እርስዎ ሲወርዱ የሚቀበልዎት ነገር የለም።

ከጥያቄዎ ጋር የላኩልኝን፣ ከላይ ያልወጣውን የ2025 ሒሳብዎን ይዘን እናስላ። ኡበርና ሊፍት በሚልኩት የገቢ ቅጽ፣ በ1099 ኬ፣ የመጣልዎት 76,000 ዶላር ነው። በዚህ ቁጥር የሚደነግጡ ብዙ ናቸው፤ «76,000 ካገኘሁማ ምንም አይሰጡኝም» ብለው ይተዉታል። ያ ግን ተሳፋሪው የከፈለው እንጂ እርስዎ ኪስ የገባው አይደለም። ኩባንያዎቹ የቆረጡት 17,000 ይቀነሳል። በሥራ ላይ የነዱት 22,000 ማይል በ2025 ተመን፣ በማይል 70 ሳንቲም፣ 15,400 ይቀነሳል። ለስልክና ለመኪና እጥበት 600። የተጣራው 43,000 ይሆናል። ከዚህ ላይ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ግማሹ፣ ወደ 3,038 ዶላር፣ ይቀነስና 39,962 ይቀራል። ማርኬትፕሌሱ የሚጠይቅዎት ይህንን ቁጥር ነው። ሌላ ገቢ እስከሌለ ድረስ 76,000ም አይደለም፣ 43,000ም አይደለም።

የ2026 ኢንሹራንስ የሚሰላው በ2025ቱ ሠንጠረዥ ነው። ለአራት ሰው 100 በመቶው 32,150 ዶላር ነው። 39,962 ከእሱ በላይ ነው፤ 124 በመቶ ገደማ። ታክስ ሠሪው 5,000 ዶላር ቢያወርድልዎት እንኳ 35,000 አካባቢ ይሆናል፣ አሁንም ከመስመሩ በላይ ነው፤ «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ሊሉኝ ይችላሉ።

ችግሩ ሴፕቴምበር ላይ ይመጣል። ሕፃኑ ሲወለድ በታክስ ወረቀታችሁ ላይ አምስት ሰው ትሆናላችሁ። ዲሴምበር 31 ቀን የተወለደ ልጅ እንኳ ለታክስ እንደ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል። ለአምስት ሰው መስመሩ 37,650 ዶላር ነው። ያ 39,962 አሁን ከመስመሩ የሚርቀው በ2,312 ዶላር ብቻ ሆነ። በ2026 የማይል ተመኑ ወደ 72.5 ሳንቲም ከፍ ስላለ፣ ያንኑ ያህል ቢነዱና ያንኑ ያህል ቢያገኙ ርቀቱ ወደ 1,800 ዶላር ይጠባል። ይህ ለአንድ ሹፌር የመኪናው ማርሽ ተበላሽቶ የሚቆምባቸው ሁለት ሳምንታት ናቸው። ታክስ ሠሪው ያንን 5,000 ዶላር ከቀነሰ ደግሞ ከመስመሩ በታች ነዎት።

ባለፈው ክረምት አንድ ወንድም ይህንኑ ጉዳይ ይዞ መጣ። ታክሱን የሠራለት ሰው 41,000 የሥራ ማይል ጽፎለታል። ከመኪናው የእቃ ሳጥን ውስጥ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞቹን አወጣንና ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው፤ እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ የኦዶሜትሩ ቁጥር አለ። የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ስንቀንስ ዓመቱን ሙሉ የተነዳው፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ የተሄደበት ጭምር፣ 27,000 ማይል ነበር። ሰውዬው ቁጥሩን እያየ ዝም አለ። «እኔ እኮ ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ» አለኝ በመጨረሻ። ታክሱ ሲስተካከል ገቢው ከመስመሩ በላይ ሆነ፣ ማርኬትፕሌሱም ከፈተለት። የዋሸ ሰው አይደለም፤ በማያውቀው ቁጥር ሥር ስሙን ያስፈረሙት ሰው ነው።

ስለዚህ የምመክርዎት ገቢዎን ከፍ አድርገው ወይም ዝቅ አድርገው እንዲጽፉ አይደለም። የሚገባዎትን ወጪ ሁሉ ይቀንሱ፤ እሱን መደበቅም ስህተት ነው። ግን ያለውን ብቻ። ከዛሬ ጀምሮ ማይልዎን በቀን በቀኑ ይመዝግቡ፤ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ሲወጡ የነበረው ኦዶሜትር፣ ሲገቡ የነበረው። ከአፕሊኬሽኑ የሚመጣውን ሳምንታዊ መግለጫ ያስቀምጡ። ማርኬትፕሌሱ የገቢ ማስረጃ ሲጠይቅ ይህ ደብተርና የ2025 ታክስዎ ከነስኬጁል ሲው (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቅጽ) በቂ ይሆናሉ። በቅንነት ገምተው ማርኬትፕሌሱ ከ100 በመቶ በላይ ነዎት ብሎ ክሬዲቱን ከፈለልዎትና ዓመቱ መጨረሻ ላይ ገቢው ሳይታሰብ ከመስመሩ በታች ቢወርድ፣ የታክስ ደንቡ በዚያ ምክንያት ብቻ ክሬዲቱን አይነጥቅዎትም። ጥበቃው የሚሠራው ግን ግምቱ የእውነት ግምት ሲሆን ነው። ቁጥሩን እያወቁ አጣመው ወይም ግድ ሳይሰጥዎት ጽፈው ከተገኙ አይሠራም።

እዚህ ላይ የባለቤትዎን ሥራ ላንሳ። «ሚስትህ ሥራ ከጀመረች ሁሉም ይቀርባችኋል» የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። በእናንተ ሁኔታ ተቃራኒው ነው። በዚህ ዓመት 10,000 ዶላር ብታገኝ የቤቱ ገቢ ወደ 50,000 ይጠጋል፤ ለአምስት ሰው ከመስመሩ 133 በመቶ ገደማ ነው። የእርስዎን ክሬዲት ከገደል አፋፍ ያርቀዋል፣ ልጆቹም ከፋሚስ ጣሪያ በታች ናቸው። ግዴታ እንድትሠራ እያልኩ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ አገሩም አዲስ ነው። ፍርሃት ግን ምክንያት አይሁናት።

ገቢ የሚባለውን ነገር በተመለከተ ሁልጊዜ የሚመጡ ሦስት ነገሮች አሉ። እቁብ ሲወጣልዎት ገቢ አይደለም፤ የራስዎ ገንዘብ ነው። ዘመድ የሰጠዎት ስጦታም አይቆጠርም። በተቃራኒው ለእናትዎ በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ ከገቢዎ አይቀነስም፣ እናትዎም ኢትዮጵያ እስካሉና የአሜሪካ ዜጋ እስካልሆኑ ድረስ በታክስዎ ላይ እንደ ጥገኛ ሊገቡ አይችሉም። «እናቴን እኔ ነኝ የማስተዳድራት» ማለትዎ እውነት ነው፤ ሕጉ ግን አይቆጥረውም። እናትዎን ከጨመሩ የቤተሰቡ ቁጥር ይሳሳታል፣ ቁጥሩ ሲሳሳት መስመሩም ከፍ ይላል፣ እርስዎም ከሥሩ ይገኛሉ። እርስዎና ባለቤትዎ ደግሞ ታክስ በጋራ ማስገባት አለባችሁ፤ ባለትዳሮች ለየብቻ ካስገቡ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ክሬዲቱ ይቀራል።

ክፍያው ስንት ይሆናል? ከ2021 እስከ 2025 በነበረው ተጨማሪ ድጋፍ በእርስዎ ገቢ ላይ ያለ ሰው መለኪያ የሆነውን የሲልቨር (የመካከለኛ ደረጃ) ፕላን ያለ ክፍያ ያገኝ ነበር፤ ያ ድጋፍ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። አሁን በእርስዎ ደረጃ ከገቢው 2.10 በመቶ ይጠበቃል፤ ከ39,962 ላይ በዓመት 839፣ በወር 70 ዶላር አካባቢ። መለኪያው ከሁሉም ሲልቨሮች በዋጋ ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ውድ ከመረጡ ልዩነቱን እርስዎ ይከፍላሉ። ብሮንዝ የሚባለው፣ ከሲልቨር ዝቅ ያለው ፕላን፣ ወርሃዊ ክፍያው ዜሮ ሆኖ ሊታይዎት ይችላል፣ ብዙ ሰው እሱን ጠቅ ያደርጋል። አይምረጡት። ከመስመሩ 100 እስከ 150 በመቶ ያለ ሰው ሲልቨር ሲመርጥ ብቻ የሚያገኘው ተጨማሪ እርዳታ አለ፦ ዲዳክተብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስ የሚወጣው) እና ኮፔይው (በየሕክምናው የሚከፍሉት ድርሻ) በጣም ይወርዳሉ፣ ፕላኑ በአማካይ ከሕክምናው ወጪ 94 በመቶውን የሚሸፍን ይሆናል። በብሮንዝ ግን አንድ ቀን ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከኪስዎ ይወጣል። በወር የተረፈችው 70 ዶላር ያንን አትመልስም።

ማመልከቻው ላይ ሊያደናቅፍዎት የሚችል አንድ ቦታ አለ። ገቢዎ ከ138 በመቶ በታች ስለሆነ ሲስተሙ መጀመሪያ ወደ ሜዲኬይድ ሊልክዎት ይችላል። ሜዲኬይድ ደግሞ «አምስት ዓመት አልሞላዎትም» ብሎ የውድቅ ደብዳቤ ይልክልዎታል። ያንን ደብዳቤ ወደ ቆሻሻ አይጣሉት። ለማርኬትፕሌሱ የሚያሳየው በወረቀትዎ ምክንያት ብቻ መከልከልዎን ነው፣ ክሬዲቱንም የሚከፍትልዎት እሱ ነው። «ተከልክያለሁ» ብለው ቤታቸው የተቀመጡ፣ ከደብዳቤው ማግስት ፕላን መምረጥ የሚችሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ወረቀትና ስም ላይ ትንሽ ልቆይ። የባለቤትዎና የልጆችዎ ግሪን ካርድ በፖስታ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፓስፖርታቸው ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ ሲገቡ ከተመታበት ማኅተም ጋር ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ቅጹ የሚጠይቀው ኤ ቁጥር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር) ቪዛው ላይ የምዝገባ ቁጥር ተብሎ ተጽፏል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ገና ካልመጣ ባዶ ይተዉትና ሲመጣ ይጨምሩት፤ ማመልከቻውን አያግደውም። ስሞቹን ግን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ይጻፉ። «ገብረ ማርያም» አንድ ወረቀት ላይ ተነጥሎ፣ ሌላው ላይ ተያይዞ ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። የእኛ ልጆች የመጨረሻ ስም ከአባታቸው የመጨረሻ ስም ስለሚለይ «ልጅዎ ነው?» ብለው ይጠይቁዎታል፤ አይቆጡ፣ የልደት ወረቀቱን ያሳዩ። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ደግሞ እንደገና ያዩ። መረጃው ካልተዛመደ ማስረጃ እንዲልኩ ደብዳቤ ይመጣል፣ 90 ቀን አካባቢ ይሰጥዎታል፤ ዝም ካሉ ኢንሹራንሱ ይቋረጣል።

ወደ እህትዎ ስጋት ልምጣ፤ ስጋቱ የፍቅር ስለሆነ በአክብሮት ያስረዷት። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ያለ አምስት ዓመት ጥበቃ ሜዲኬይድና ፋሚስ እንዲገቡ የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ፣ በዚህ ምክንያት ስፖንሰሩ ላይ ዕዳ እንደማይመዘገብ በግልጽ ይናገራል። የእርስዎ የማርኬትፕሌስ ድጋፍ ደግሞ የታክስ ክሬዲት ነው። ዜግነትን በተመለከተ፣ ለዜግነት ሲያመለክቱ ፐብሊክ ቻርጅ የሚባለው፣ ሰውዬው የመንግሥት ሸክም ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቀው መመዘኛ የለም፤ ያ ጥያቄ የሚነሳው ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ሲጠየቅ ነው። በሥራ ላይ የቆየው የ2022 ደንብም የማርኬትፕሌስ ድጋፍን፣ የልጆች ኢንሹራንስንና አብዛኛውን ሜዲኬይድ አይቆጥርም። መንግሥት በኖቬምበር 2025 ይህን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል፤ ስለዚህ ሌላ ዘመድ ለማምጣት ካሰቡ ወይም ከ180 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ለመቆየት ካቀዱ ከመወሰንዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። ጠበቃ ማለቴ ነው፤ ቅጽ እሞላልሃለሁ የሚል ሰው አይደለም። ባለቤትዎን ግን በዚህ ስጋት ከሐኪም አያስቀሯት።

ይህን ለምታነቡ፣ ጥገኝነት ለተሰጣችሁ ወገኖችም አንድ ነገር ልበል። በዚያው በ2025 ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ የታክስ ክሬዲቱ ግሪን ካርድ ላልያዙ፣ ጥገኝነት ላገኙ ሰዎችና ለስደተኞች አይሰጥም፤ የሜዲኬይዱ ለውጥ ደግሞ ከኦክቶበር 1፣ 2026 ይጀምራል። ጥገኝነት ካገኛችሁ ዓመት ሞልቷችሁ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን «ቆይ ገንዘብ ልያዝ» ብላችሁ ያዘገያችሁ ካላችሁ፣ አሁን ቅድሚያ ስጡት።

ፕላን ከመረጡ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስልዎታል፤ አላለቀም። ኢንሹራንሱ የሚጀምረው የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ሲከፍሉ ነው። ክፍያው የሚመጣው ከማርኬትፕሌሱ ሳይሆን ከኢንሹራንስ ኩባንያው፣ ማስታወቂያ በሚመስል ነጭ ፖስታ ነው። ሳይከፈት ከፒዛ ወረቀቶች ጋር የተጣለ ስንት አይቻለሁ። ፖስታው ካልመጣ ኩባንያው ጋር ደውለው ይክፈሉ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ 1095 ኤ የሚባል፣ የተከፈለልዎትን ክሬዲት የሚያሳይ ቅጽ ይመጣል፤ ታክስ ሠሪዎ ያለ እሱ ታክስዎን እንዳያስገባ። ከ2026 ጀምሮ ክሬዲት ከሚገባዎት በላይ ከወሰዱ ትርፉን ሙሉ በሙሉ ነው የሚመልሱት፤ ቀድሞ የነበረው የመመለሻ ጣሪያ ተነሥቷል። ስለዚህ ባለቤትዎ ሥራ ስትጀምር፣ ወይም የእርስዎ ሥራ ሲቀንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቁ።

ገቢው ምንም ቢያደርጉት ከመስመሩ በታች ቢሆንስ? ያኔ ቁጥሩን ለማሳደግ የሌለ ገቢ አይፍጠሩ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ኔይበርሁድ ሄልዝ የመሳሰሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች እንደ ገቢዎ መጠን ያስከፍላሉ። ለሕይወት አስጊ ድንገተኛ ሕክምና ደግሞ አምስት ዓመት ያልሞላውም ሰው የድንገተኛ ሜዲኬይድ ሊያገኝ ይችላል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለውን የፋይናንስ እርዳታ ክፍል ሂሳቡ ቤት ከመምጣቱ በፊት ይጠይቁ።

ሴፕቴምበር ላይ ሕፃኑ በሰላም ሲወለድ፣ ሆስፒታል ሳላችሁ ልደቱን ለሜዲኬይድ፣ ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ ለማርኬትፕሌሱ ያሳውቁ። ሲደውሉ የማይል ደብተሩን ከፊትዎ ይዘርጉ። ከጃንዋሪ እስከዚያ ቀን ያገኙትን ይደምሩ፣ ለቀሩት ወራት የሚጠብቁትን ይጨምሩ፣ ባለቤትዎ የሠራችም ካለ እሱንም። ድምሩን ከ37,650 ጋር ያስተያዩትና ያለውን ይንገሯቸው።